መልስ ከመሸምደድ ሥራውን ማወቅ፦ ለጭነት አብራሪነት ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት

(የመግቢያ ሙዚቃ ተሰምቶ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ለወጣት አብራሪዎች፣ አብራሪ ለመሆን ለሚመኙ ተማሪዎችና ልጆቻቸውን በዚህ ሙያ ለሚያስተምሩ ወላጆች የተሰናዳ ነው። ርዕሳችን በጭነት አውሮፕላን ላይ ለመቀጠር የሚደረግ ቃለ መጠይቅና የሚጠይቀው ዝግጅት ነው። ከካዛንቺስና ከመላው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለምታዳምጡን ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በክፍለ ከተማችሁ ያለው ለገሃር፣ የባቡር ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲሸኝበት የኖረ የጭነት በር ነበር። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ወደ ቦሌ የሚዘልቀው መንገድ ደግሞ ወደ ዛሬው የጭነት በር ያደርሳል፤ አበባ፣ ሥጋ፣ መድኃኒትና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሌት ተቀን ወደሚጫንበትና ወደሚራገፍበት አውሮፕላን ማረፊያ። በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

በመጀመሪያ የጭነት በረራ በአገራችን ምን ቦታ እንዳለው እንይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመው ሲ-47 የተባለውን፣ ለጦር ሠራዊት ማመላለሻ ተሠርቶ የነበረ አውሮፕላን ነው። በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥ ነበር፤ መሐሉ የጭነት ቦታ ነበር። ስለዚህ ጭነት ለአየር መንገዱ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አብሮት ያለ ሥራ ነው። በ2012 አየር መንገዱ የቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን በአፍሪካ የመጀመሪያው ባለቤት ሆነ። ይህ አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ከ100 ቶን በላይ ይሸከማል። በ2017 በቦሌ ሁለተኛው ትልቅ የጭነት ተርሚናል ሲከፈት የማስተናገድ አቅሙ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ተጠጋ። በቤልጅየም የሊዬዥ ከተማም የአውሮፓ የጭነት ማዕከሉ ሆናለች። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን ከሰማይ ሲያጠፋው አየር መንገዱ የበርካታ አውሮፕላኖቹን ወንበር አስነቅሎ ጭነት ጫነባቸው፤ ብዙ የዓለም አየር መንገዶች የመንግሥት ድጎማ ሲለምኑ እርሱ በእግሩ የቆመው በዚህ ሥራ ጭምር ነው። የጭነት አብራሪ ለመሆን የሚቀርብ ወጣት እንግዲህ የሚያመለክተው የአገሪቱን ላኪና አስመጪ ወደሚያገናኝ ዋና ሥራ መሆኑን ማወቅ አለበት።

በዚህ ዝግጅት የምንሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ለዚህ ቃለ መጠይቅ ሰውን የሚያዘጋጀው የጥያቄና መልስ ዝርዝር መሸምደድ አይደለም፤ ሥራውን እስከ ውስጡ ማወቅ፣ የራስን የበረራ ታሪክ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መያዝ፣ እንዲሁም ሐሳብን ጮክ ብሎ እየተናገሩ መወሰንን መለማመድ ነው። ወጣቶች በቴሌግራም የሚቀባበሏቸው የጥያቄ ዝርዝሮች አሉ፤ ማንበባቸው ነውር የለበትም። ችግሩ ዝርዝሩ ዝግጅት መስሎ መታየቱ ነው። ጠያቂው ነዳጅ እያነሰ መዳረሻው በጭጋግ ቢዘጋ አመልካቹ ምን እንደሚያደርግ ሲጠይቅ፣ «ወደ ተለዋጭ ማረፊያ እሄዳለሁ» የሚለው መልስ ከዝርዝሩ ላይ ይገኛል። ልምድ ያለው ጠያቂ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። ተለዋጩ ማረፊያም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል የሚል መልእክት ቢመጣ፣ የተጫኑት ደግሞ ሕይወት ያላቸው እንስሳት ቢሆኑ፣ አሁንስ ይላል። ከዚህ በኋላ የሸመደደው ሰው መያዣ ያጣል፤ ማሰብ የለመደው ግን ሥራውን ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አብራሪዎች የሚመዘኑባቸውን ዋና ዋና ብቃቶች ሲዘረዝር፣ ደንብን መከተልና አውሮፕላኑን በእጅም በአውቶማቲክም መምራት ብቻ ሳይሆን፣ ተግባቦትን፣ መሪነትንና የቡድን ሥራን፣ ችግር ፈትቶ መወሰንን፣ ያሉበትን ሁኔታ ማወቅንና የሥራ ጫናን ማመጣጠንን ያስቀምጣል። ከእነዚህ ውስጥ በሽምደዳ የሚገኝ አንድም የለም።

የመጀመሪያውን ማስረጃ ከአሜሪካ እንውሰድ፤ ቃለ መጠይቅን በቀጥታ የሚነካ ነውና። የካቲት 23 ቀን 2019 የአትላስ ኤር ቦይንግ 767 የጭነት አውሮፕላን ከማያሚ ተነስቶ ሂውስተን ሊያርፍ ሲቃረብ ቴክሳስ ውስጥ በሚገኝ ረግረጋማ የባሕር ወሽመጥ ላይ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ሞቱ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ አውሮፕላኑን ከማረፍ መልሶ ወደ ላይ የሚያስነሳው ሥርዓት ሳይታሰብ በርቶ ነበር፤ ረዳት አብራሪው ግራ በመጋባቱ አፍንጫውን አጥብቆ ወደ ታች ደፋው፤ ካፕቴኑም በጊዜ አላስቆመውም። ሁሉም ነገር ያበቃው ከግማሽ ደቂቃ ገደማ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። ቦርዱ ግን ምርመራውን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ ብቻ አላቆመም። ረዳት አብራሪው ቀደም ባሉ ቀጣሪዎች ዘንድ ሥልጠና ላይ በተደጋጋሚ ወድቆ እንደነበር፣ ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥመውም የመደናገጥ ችግር እንደታየበት፣ ከእነዚህ ቀጣሪዎች አንዳንዶቹን ግን በማመልከቻው ላይ ሆን ብሎ እንዳልጠቀሰ አረጋገጠ። የአብራሪዎች ምርጫና ምዘና ሥርዓት ጉድለትና የበረራ መዛግብት ማዕከላዊ ቋት በወቅቱ አለመጀመሩም ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳደረጉ አሰፈረ። ትምህርቱ ከባድ ነው። አመልካቹ ታሪኩን የደበቀው ሥራ ለማግኘት ነበር፤ ሥራውንም አገኘ። ይሁን እንጂ ያ ድክመት ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ወይ ተጨማሪ ሥልጠና ያስገኝለት ነበር፣ ወይ ያንን ወንበር ይከለክለው ነበር፤ ሁለቱም መንገዶች ሦስት ሰዎችን በሕይወት ሊያቆዩ ይችሉ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ሚዛን የሚደፋም ነው። «ሌሎች ጉድለታቸውን ደብቀው እየገቡ እውነቱን የሚናገረው ብቻ ለምን ይቅር?» የሚል ነው። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአቪዬሽን ውስጥ መዝገብ አይጠፋም። የበረራ ሰዓት በሎግቡክ ይመዘገባል፣ ሥልጠና በማሠልጠኛው ይቀመጣል፣ ፈቃድ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይያዛል። ከቴክሳሱ አደጋ በኋላ አሜሪካ የአብራሪዎችን መዝገብ በአንድ ቋት የሚያሰባስበውን ደንብ በ2021 አጽንታለች፤ ዓለም የሚሄደው ወደዚያው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ዛሬ የተደበቀ ውድቀት ነገ ከነመደበቁ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚያስጠይቀው ውድቀቱ ሳይሆን መደበቁ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በአንድ ፈተና መውደቅ በራሱ አያስቀርም። ጠያቂው ማወቅ የሚፈልገው ምን እንዳልሠራ፣ ምክንያቱ ምን እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠና ለውጡ በምን እንደተረጋገጠ ነው። በጎን ነፋስ ማረፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተሳካለት ሠልጣኝ፣ ስህተቱ የእግር መቆጣጠሪያውን ዘግይቶ መጠቀሙ እንደነበር፣ በተጨማሪ ሥልጠና እንዳስተካከለውና ድጋሚ ፈተናውን ማለፉን በአራት ዓረፍተ ነገር ቢያስረዳ፣ ምንም ጉድለት የለብኝም ከሚለው ይልቅ ይታመናል። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ሎግቡካችሁን ገጽ በገጽ ደምሩ፤ ጠቅላላው ሰዓት፣ የሌሊቱ ሰዓት፣ በመሣሪያ ብቻ የበረራችሁበት ሰዓት ከማመልከቻው ጋር አንድ ይሁን። የማይጣጣም ድምር ካለ ጠያቂው ሳያገኘው እናንተ አግኙት።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን መጀመሪያ ከጠቀስናቸው ሦስት ነገሮች ወደ ሌላው፣ ሥራውን ወደማወቅ እንለፍ። የጭነት በረራ የራሱ ዕውቀት አለው፤ ዋነኛውም ሚዛን ነው። መንገደኛ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ቀበቶ ያስራል፣ ክብደቱም በአማካይ ይሰላል። ጭነት ግን አንዱ ፓሌት (የጭነት መደርደሪያ) ጥጥ፣ ሌላው የማሽን መለዋወጫ ሊሆን ይችላል። ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ያጋደለበት በቅሎ ዳገት ላይ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ የስበት ማዕከሉ ከተፈቀደው ክልል የወጣ አውሮፕላንም የአብራሪውን ትእዛዝ መቀበል ያቅተዋል። ሚያዝያ 29 ቀን 2013 በአፍጋኒስታን ባግራም የሆነው ይኸው ነበር። የናሽናል ኤርላይንስ ቦይንግ 747 አምስት ከባድ የጦር ተሽከርካሪዎችን ጭኖ ሲነሳ ቢያንስ አንዱ ከማሰሪያው ተላቆ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ የሃይድሮሊክ መስመሮችንና የጭራውን መቆጣጠሪያ ጎዳ፤ ሰባቱም የበረራው ሠራተኞች ሞቱ። መርማሪዎቹ ጥፋቱን ያገኙት ልዩ ጭነት የሚታሰርበት አሠራር ጉድለት ላይ ነው። ከዚህ የሚመነጨው የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ጭነቱን የሚያስሩት ሌሎች ከሆኑ የአብራሪው ኃላፊነት የት ላይ ይጀምራል? «የሎድማስተሩ (የጭነት ኃላፊው) ሥራ ነው» ብሎ የሚያልፍ አመልካች ጥያቄው አልገባውም። የጭነትና የሚዛን ሰነዱን የሚፈርመው ካፕቴኑ ነው፤ ረዳት አብራሪውም ቁጥሩን በራሱ ያመሳክራል። የሰነዱን አሠራር በወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ሥሩ፤ አንድ ባለ 3 ቶን ፓሌት ከፊት ወደ ኋላ ቢዛወር የስበት ማዕከሉ ወዴት እንደሚሄድ፣ ለመነሳት የሚደረገው የጭራ ማስተካከያም (ትሪም) እንዴት እንደሚለወጥ በራሳችሁ አንደበት ማስረዳት እስክትችሉ ድረስ።

ሌላው የጭነት አብራሪ ዕውቀት የአደገኛ ዕቃዎች ጉዳይ ነው። አደገኛ ዕቃዎች በ9 ክፍል ይመደባሉ፤ ፈንጂ፣ ጋዝ፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ እያለ ሊቲየም ባትሪ እስከሚገኝበት እስከ 9ኛው ክፍል ይሄዳል። ከበረራው በፊት ምን አደገኛ ዕቃ በየትኛው ቦታ እንደተጫነ የሚገልጽ ጽሑፍ ለካፕቴኑ ይሰጣል። ይህ ወረቀት ምን ያህል ሕይወት እንደሚነካ የመስከረም 3 ቀን 2010ሩ የዱባይ አደጋ ያሳያል። የጭነት አጓጓዡ የዩፒኤስ ቦይንግ 747 ከዱባይ ወደ ኮሎኝ በመጓዝ ላይ ሳለ ሊቲየም ባትሪ በነበረበት ጭነት ውስጥ እሳት ተነሳ። ጭሱ የአብራሪዎቹን ክፍል ሞልቶ መሣሪያዎቻቸውን እንዳያዩ አደረጋቸው፤ የእሳቱ ደወል ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላኑ ወድቆ ሁለቱም ሞቱ። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለብቻቸው የሚላኩ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኛ አውሮፕላን እንዳይጫኑ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲሄዱም ሙሌታቸው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ታዟል። እንግዲህ መንገደኛ አውሮፕላን የማይቀበለውን ዕቃ የሚሸከመው የጭነት አብራሪው ነው። በብዙ የጭነት አውሮፕላኖች ዋና ወለል ላይ የእሳት ማጥፊያ ጋዝ አይረጭም፤ አየሩ ይቆረጣል፣ የውስጥ ግፊቱ ይለቀቃል፣ እሳቱ ኦክስጅን እንዲያጣ ይደረጋል። ይህ ለምን እንደሚሠራ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚያዋጣና ማረፊያ ፍለጋው ለምን በዚያው ቅጽበት መጀመር እንዳለበት ማስረዳት የሚችል አመልካች ሥራውን አውቆ መጥቷል። በሐምሌ 2020 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን በሻንጋይ ማረፊያ ላይ ቆሞ ጭነት ሲጫንበት መቃጠሉም የጭነት እሳት ለእኛም የቅርብ ጉዳይ መሆኑን ያስታውሰናል፤ እንደ እድል ሆኖ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።

የአዲስ አበባ ልጅ በተለይ ሊያውቀው የሚገባ የስሌት ጉዳይም አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,324 ሜትር ወይም 7,625 ጫማ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ መደበኛው የአየር ሙቀት ወደ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ቀትር ላይ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ቢሆን ከመደበኛው በ22 ዲግሪ በለጠ ማለት ነው። ከመደበኛው የሚበልጠው እያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 120 ጫማ ተጨማሪ ከፍታ ሆኖ ስለሚቆጠር 22 በ120 ሲባዛ 2,640 ይሆናል፤ ይህ በ7,625 ላይ ሲደመር 10,265 ጫማ ይመጣል። ሞተሩና ክንፉ የሚሠሩት ከ10,000 ጫማ በላይ በሚገኝ ስስ አየር ውስጥ ያሉ ያህል ነው ማለት ነው። ውጤቱ ብዙ ነው። ሞተሩ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል፤ በፍጥነት መለኪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር ያው ሆኖ በመሬት ላይ ያለው ትክክለኛ ፍጥነት ይጨምራል፤ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል፤ ሲያርፉም ፍሬኑ የሚሸከመው ኃይል ይበዛል። ከቦሌ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በመንገድ ላይ አርፈው ነዳጅ የሚቀዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለጭነት ደግሞ ስሌቱ በቀጥታ ገንዘብ ነው፤ ሞቃት ቀትር ላይ ሊቀር የሚችለው ጭነት በቀዝቃዛ ሌሊት ሊነሳ ይችላል። ይህን ስሌት በየትኛውም አገር የሚቀመጥ ጠያቂ ፊት በእርጋታ መሥራት የሚችል አመልካች፣ ያደገበትን ከተማ ወደ ሙያዊ ብልጫ ለውጦታል።

ጭነት ሌሊት ይበራል። ዕቃው ቀን ይሰበሰባል፣ ሌሊት ይጓዛል፣ ማለዳ ይደርሳል፤ የአብራሪው ሰውነት ግን እንቅልፍ የሚጠይቀው በዚያው ሰዓት ነው። ሳይንቲስቶች የሰው ንቃት እጅግ የሚያንሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ያስረዳሉ። ነሐሴ 14 ቀን 2013 የዩፒኤስ ኤርባስ ኤ300 በአላባማ በርሚንግሃም ሊያርፍ ሲቃረብ ተከስክሶ ሁለቱ አብራሪዎቹ የሞቱት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር። መርማሪዎቹ ያልተረጋጋ አቀራረብን ማቋረጥ ሲገባ አለመቋረጡን ዋና ምክንያት አድርገው፣ ድካምንና የእረፍት ጊዜን ለእንቅልፍ በአግባቡ አለመጠቀምን ከአስተዋጽኦዎቹ መካከል ቆጥረዋል። ስለዚህ «የሌሊት ሥራ እንዴት ትችላላችሁ?» ሲባል «እኔ አይደክመኝም» ማለት ከሁሉ የከፋ መልስ ነው። እንቅልፍን እንደ ነዳጅ አስቀድሞ ማቀድን፣ ደክሞኛል ብሎ በግልጽ መናገርን፣ ያልተረጋጋ አቀራረብን ያለ እፍረት ማቋረጥን የሚያነሳ ሰው ይሻላል። ሚያዝያ 4 ቀን 2021 የአየር መንገዳችን የጭነት አውሮፕላን በዛምቢያ ንዶላ፣ ሊያርፍበት ከሚገባው ማረፊያ ይልቅ በአቅራቢያው በግንባታ ላይ በነበረው አዲስ ማረፊያ ላይ አርፎ ነበር፤ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ይህን መሰል ክስተት በቃለ መጠይቅ ቢነሳ ማንንም ለመውቀስ አትቸኩሉ። በዓይን የሚታየውን ሜዳ ከመሣሪያው ጋር ማመሳከር፣ ስለ አዳዲስ ማረፊያዎች የሚወጡ ማሳሰቢያዎችን ማንበብ፣ ጥርጣሬ ሲመጣ መልሶ መነሳት ለምን እንደሚያስፈልግ አስረዱ።

ሌላው ተቃውሞ ከባህላችን ይነሳል። ታላቅን ማክበር፣ በታላቅ ፊት አለመናገር ያደግንበት ሥርዓት ነው፤ ታዲያ ወጣቱ ረዳት አብራሪ ሃያ ዓመት የበረረን ካፕቴን እንዴት ያርማል? ጥያቄው እኛን ብቻ አይመለከትም። ታኅሣሥ 22 ቀን 1999 የኮሪያ አየር መንገድ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ከለንደን ስታንስቴድ በጨለማ ተነስቶ አንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ወደቀ፤ አራቱም ሠራተኞች ሞቱ። የካፕቴኑ የአቅጣጫና የዘንበልታ መሣሪያ ተበላሽቶ ነበር፤ የረዳት አብራሪው ግን ይሠራ ነበር። የመሣሪያዎቹን አለመጣጣም የሚያሳውቀው ደወል ጮኸ፤ የበረራ መሐንዲሱም ስለ ዘንበልታው ተናገረ። ረዳት አብራሪው ግን ዝም አለ፤ መቆጣጠሪያውንም አልያዘም። አየር መንገዱ ከዚያ ዘመን በኋላ ሥልጠናውን ከመሠረቱ ለውጦ ዛሬ በደህንነቱ የሚመሰገን ሆኗል፤ ይህም ባህል የማይሻር እጣ አለመሆኑን ያረጋግጣል። ታላቅን ማክበር ማለት ታላቁን ወደ ገደል ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት አይደለም፤ የእኛም ወግ እንዲህ አይልም። ቃለ መጠይቅ ላይ «ካፕቴኑ ሲሳሳት ምን ታደርጋላችሁ?» መባሉ አይቀርም። ጥሩ መልስ ደረጃ አለው። መጀመሪያ የሚታየውን እውነታ በቁጥር መናገር፤ ካልተስተካከለ ሥጋቱን በግልጽ ማሳወቅና መፍትሔ ማቅረብ፤ ጊዜ ከሌለ ወይም ካፕቴኑ መልስ ካልሰጠ መቆጣጠሪያውን መረከብ። ያለ ቁጣ፣ ያለ ማዋረድ፣ ግን ያለ ማመንታት። ይህን ቅደም ተከተል በቃላት ብቻ ሳይሆን ከጓደኛ ጋር ተቀምጣችሁ በድምፅ ተለማመዱት፤ አንዱ ካፕቴን፣ አንዱ ረዳት እየሆነ።

ድምፅ ካልን፣ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ መሆኑን አንርሳ። ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርግ አብራሪ ቢያንስ 4ኛውን የቋንቋ ደረጃ ማሟላት አለበት። ምዘናው በስድስት ነገሮች ነው፤ የድምፅ አወጣጥ፣ የሰዋስው አወቃቀር፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ የመረዳት ችሎታና ምልልስ። የመጨረሻው ውጤት የስድስቱ አማካይ አይደለም፤ ከስድስቱ ዝቅተኛው ነው። ስለዚህ ብዙ ቃላት የሸመደደ ነገር ግን ሲጠየቅ ጥያቄውን ሳይሰማ የሚመልስ ሰው በምልልስ ውጤቱ ይያዛል። ጥያቄው ካልገባችሁ እንዲደገምላችሁ መጠየቅ ድክመት አይደለም፤ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ጋርም የምትሠሩት እንዲሁ ነው። በየቀኑ አንድ የአደጋ ምርመራ ዘገባ ማጠቃለያ አንብባችሁ፣ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር የሚሉትን ጥያቄዎች ጮክ ብላችሁ በእንግሊዝኛ መልሱ። ቋንቋውም ዕውቀቱም በአንድ ጊዜ ያድጋሉ።

የቀሩትን ተቃውሞዎች በአጭሩ እንመልስ። «ሲሙሌተር የምለማመድበት ገንዘብ የለኝም» ለሚል፣ የሲሙሌተር ሰዓት ውድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ቼክሊስትን ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጅ እየነኩ መለማመድ፣ የሞተር ብልሽት ሲያጋጥም የሚነገረውን ሁሉ በቅደም ተከተል መናገር፣ ስሌቶችን በወረቀት መሥራት ዋጋ አይጠይቁም፤ የአደጋ ዘገባዎቹም በነፃ ይገኛሉ። «ጭነት መንገደኛ ያላገኘ የሚገባበት ነው» ለሚል፣ የ777 የጭነት አውሮፕላንና የመንገደኛው 777 አብራሪ የሚይዘው የአውሮፕላን ዓይነት ፈቃድ አንድ ነው፤ ሰማዩ፣ ሕጉና ፈተናውም ያው ነው። ይህን ሐሳብ በልቡ ይዞ የሚገባ ሰው «ለምን ጭነት መረጣችሁ?» ሲባል ፊቱ ይናገርበታል። «ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው» ለሚል ወጣት ደግሞ ምሬቱን አንንቅም፤ ብዙ ደጅ የጠና ሰው ያለምክንያት አይማረርም። ሆኖም ዘመድ እስከ በሩ ቢያደርስ እንኳ በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ውስጥ አብሮ አይቀመጥም፤ አብራሪነት በየጊዜው እንደ አዲስ የሚፈተኑበት ሙያ ነው። ደግሞም አንድ ወጣት በእጁ ያለው ነገር ዝግጅቱ ብቻ ነው፤ በእጁ ያለውን ትቶ በእጁ ስለሌለው ሲያስብ መዋል አያዋጣውም። በ1957 ካፕቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፕቴን ሲሆኑ፣ በ2010ም ካፕቴን አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፕቴን ሲሆኑ፣ ከእነሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠ የአገራቸው ሰው ወይም የፆታቸው ባልደረባ አልነበረም። ያበቃቸው ብቃታቸው ነው።

ስለዚህ፣ አድማጮቻችን፣ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቃችሁ ከሆነ የቀራችሁን አንድ ወር እንዲህ ክፈሉት። የመጀመሪያውን ሳምንት ለራሳችሁ መዝገብ ስጡ፤ ሎግቡክ፣ ፈቃድ፣ የሕክምና ምስክር ወረቀት፣ የወደቃችሁበትና ያለፋችሁበት ሁሉ። ሁለተኛውን ለጭነት ዕውቀት፤ ሚዛን፣ አደገኛ ዕቃ፣ እሳት፣ የከፍታ ስሌት። ሦስተኛውን ለውሳኔ ልምምድ፤ ከጓደኛ ጋር፣ በድምፅ፣ የመጀመሪያው መልስ ላይ ሁልጊዜ «አሁንስ?» የሚል ጥያቄ እየተጨመረ። አራተኛውን ለቋንቋ፣ ለእንቅልፍና ልትቀጠሩበት ስላሰባችሁት ድርጅት መስመሮችና አውሮፕላኖች ለማወቅ። በዚህ መንገድ ተዘጋጅቶ የቀረበ ሰው ሥራውን በመጀመሪያው ሙከራ ባያገኝ እንኳ የተሻለ አብራሪ ሆኖ ይወጣል፤ የሸመደደ ግን ጥያቄው ሲለወጥ ባዶ እጁን ይቀራል። ጠያቂዎቹ የሚመርጡት ወንበር የሚሞላ ሰው ሳይሆን የሥራ ባልደረባ የሚሆን፣ ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ሕይወት የሚጠብቅ አብራሪ ነው። እናንተም ልትዘጋጁ የሚገባው ያንን ሰው ለመሆን ነው፤ ቃለ መጠይቁን ማለፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)